ልጅን ይዞ ወደ ሐይቅ ስለ መሄድ

በወሎ፣ በሐርቡ ከተማ ከአውራ ጎዳናው ዳር የሚኖር ሕፃን፣ ከጅቡቲ ወደብ ዕቃ ጭነው በሚሌና በባቲ አድርገው ኮምቦልቻ ከደረሱ በኋላ ወደ መሐል አገር የሚያልፉትን ባለ ተሳቢ መኪናዎች እያየ ያድጋል እንጂ፣ ጭነቱ የተነሣበትን ባሕርና በባሕሩ ዳር የተቆረቆሩትን ጥንታውያን ከተሞች ለማየት አልታደለም። አያቱ በአሰብ መንገድ ሹፌር ወይም ረዳት ሆኖ ሠርቶ እንደ ሆነ፣ ስለ ቀይ ባሕር ሐሩርና ስለ ወደቡ ግርግር ሲያወጋ ሰምቶ ይሆናል፤ ነገር ግን ያ መንገድ ከ1990 ዓ.ም. የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት ወዲህ የቀድሞ አገልግሎቱን ስላቋረጠ፣ ለዛሬው ልጅ አሰብም ምጽዋም በወሬ የሚታወቁ ስሞች ሆነው ቀርተዋል። ብዙ ወላጆች ልጆቻቸውን ታሪክ ወዳለው የባሕር ዳርቻ ከተማ ለመውሰድ ሲመኙ እሰማለሁ፤ ምኞቱም የተቀደሰ ምኞት ነው። ይሁን እንጂ ሩቁን የሚመኝ ወላጅ፣ ከደሴ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኘውን፣ ከሐርቡ በማለዳ ተነሥቶ የሐረጎን ዳገት ወጥቶ፣ ደሴን አልፎ በዚያው ቀን ደርሶ ሊመለስበት የሚችለውን የሐይቅን ከተማ ለልጁ ሳያሳይ ቢቀር፣ ይህን እንደ ታላቅ ጉድለት እቆጥረዋለሁ።

የሐይቅ ከተማ ስሙንም ኑሮውንም ያገኘው ከውሃው ነው። በውሃው ላይ ያለው የቅዱስ እስጢፋኖስ ገዳም፣ በትውፊት እንደሚነገረው፣ በዘጠነኛው ምዕተ ዓመት በንጉሥ ድልናዖድ ዘመነ መንግሥት የተመሠረተ ሲሆን፣ ከፍ ያለ ዝናውን ያገኘው ግን አባ ኢየሱስ ሞዐ ከደብረ ዳሞ መጥተው በ13ኛው ምዕተ ዓመት አጋማሽ መምህርና አበምኔት ከሆኑ በኋላ ነው። አቡነ ተክለ ሃይማኖት ደብረ ሊባኖስን ከመመሥረታቸው በፊት ከአባ ኢየሱስ ሞዐ እግር ሥር ተቀምጠው የተማሩት በዚህ ስፍራ ነው፤ በ1270 እ.ኤ.አ. የነገሠው ይኩኖ አምላክም በዚሁ ገዳም እንዳደገ ትውፊቱ ይናገራል። የገዳሙ አለቆችም ዐቃቤ ሰዓት ተብለው በቤተ መንግሥት ታላቅ ሥልጣን ነበራቸው። አባ ኢየሱስ ሞዐ ለገዳሙ ያበረከቱት የብራና አራቱ ወንጌል፣ ዘመናቸው ተጽፎ ከተገኘ የአገራችን መጻሕፍት መካከል እጅግ ከቀደሙት አንዱ ነው።

ለልጅ ግን ይህን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ መደርደር አይገባም። ልጄን ይዤ በሄድሁ ጊዜ ከሁሉ አስቀድሞ የጠየቀኝ ማን ነገሠ፣ ማን መነኰሰ ብሎ አልነበረም፤ ውሃው በየት በኩል ይወጣል ብሎ ነበር። ጥያቄው ከብዙ አስጎብኚ ንግግር ይልቅ ጠቃሚ ሆኖ አገኘሁት። ከላይ ያለው የአርዲቦ ሐይቅ በአንከርካ ወንዝ ውሃውን ወደ ታችኛው ሐይቅ ያወርዳል፤ ከታችኛው ግን ወደ ሌላ ስፍራ የሚፈስ ወንዝ የለም። ከዚህ ተነሥቶ አባት ለልጁ ሌላ ነገር ሊያስረዳው ይችላል፤ ይኸውም በ1520 እ.ኤ.አ. ወደ አገራችን የመጣው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ገዳሙ በደሴት ላይ እንደ ቆመ፣ በውሃውም ውስጥ ጉማሬዎችን እንዳየ የጻፈ ሲሆን፣ ዛሬ ያ ደሴት ከየብስ ጋር ተያይዞ በእግር የሚደረስበት ሆኗል። ምድር ራሷ እንደምትለወጥ በእግሩ ረግጦ የተረዳ ልጅ፣ ነገሥታትና መንግሥታት ስለ መለወጣቸው በመጽሐፍ ሲያነብ እንግዳ አይሆንበትም።

በተለይ አንዱ ታሪክ ለልጆች ቢነገር እወዳለሁ። መጽሐፈ ምሥጢርን የደረሱት፣ ሰዓታትንም ያዘጋጁት አባ ጊዮርጊስ ዘጋሥጫ በልጅነታቸው ወደ ሐይቅ ገዳም ገብተው ሳሉ፣ እንደሚተረከው፣ ትምህርቱ አልገባ ብሏቸው ብዙ ዓመት ስላለፈ መምህሩ ወደ አባታቸው ሊመልሷቸው አስበው ነበር፤ አባታቸው ግን ለቤተ እግዚአብሔር የሰጡትን ልጅ መልሰው ለመውሰድ እምቢ አሉ። ብላቴናውም እህል እየፈጨ፣ መነኰሳቱን እያገለገለ፣ ወደ እመቤታችን ሲማጸን ኖሮ በመጨረሻ ጽዋዐ ልቡና፣ ማለት የማስተዋልን ጽዋ፣ ጠጥቶ ሊቅ ለመሆን በቃ ይባላል። በክፍሉ መጨረሻ ወጥቶ አንገቱን የደፋ ተማሪ ይህን ታሪክ በነገሩ ስፍራ፣ በዚያው ውሃ ዳር ተቀምጦ ቢሰማ፣ ከብዙ ተግሣጽ ይልቅ ልቡ ይጸናል ብዬ አምናለሁ።

የሚያሳዝነኝ ግን፣ ከደሴና ከኮምቦልቻ በበዓል ቀን የሚሄዱት አብዛኞቹ ቤተሰቦች ዓሣ በልተው፣ ከውሃው ዳር ፎቶግራፍ ተነሥተው፣ ወደ ገዳሙ ዘወር ሳይሉ መመለሳቸው ነው። ዓሣው መልካም ነው፣ ልጅም መብላትና መሮጥ ይገባዋል፤ ነገር ግን ምሳው የጉዞው ፍጻሜ ሲሆን ልጁ ከሐይቅ ያገኘው ከማንኛውም ምግብ ቤት ከሚያገኘው አይበልጥም። ስለዚህ አስቀድሞ ታሪኩን ማየት፣ ምሳውን ወደ በኋላ ማድረግ ይሻላል።

ሴት ልጅ ላላቸው ወላጆች ደግሞ አንድ ነገር ልናገር። በገዳሙ ሥርዓት ሴት ወደ ውስጥ አትገባም። ይህን ለልጅቱ ከቤት ሳይወጡ ነግሮ፣ ምክንያቱንም የገዳም ሕግ መሆኑን አስረድቶ መውሰድ የወላጅ ግዴታ ነው፤ ከበሩ ደርሳ ወንድሟ ሲገባ እርሷ ድንገት እንድትመለስ ማድረግ ግን ጉዞውን ሁሉ መራራ ትዝታ ያደርግባታል። ከውጭ ሆና ገዳሙን እያየች ታሪኩን ከወንድሟ ባላነሰ አኳኋን ልትሰማ ይገባታል፤ አባት ወይም እናት ከእርሷ ጋር ከውጭ ይቆይላት እንጂ ብቻዋን አትተው።

እስላም የሆነው የሐርቡ አባትም ይህ የእኔ አይደለም አይበል። በወሎ ምድር ክርስቲያኑና እስላሙ በአንድ ቤት ተወልዶ፣ በአንድ ዕድር ተቀባብሮ የኖረ ስለ ሆነ፣ የሐይቅ ታሪክ የእርሱም ልጅ ርስት ነው። እንዲሁም ክርስቲያኑ አባት ሐርቡ በሚገኝበት በቃሉ ምድር፣ በ19ኛው ምዕተ ዓመት የእስልምናው ሊቅ ሐጂ ቡሽራ ያቀኑትን፣ ጌታ የተባለውን ሐሪማ (የእስልምና ቅዱስ ስፍራ) ልጁን ወስዶ በአክብሮት ቢያሳየው፣ ልጁ አገሩን በሙሉ ዓይኑ ያያል።

በመጨረሻ የማቀርበው ልመና ለሁለት ወገን ነው። የሐይቅ ከተማ አስተዳደር ውሃው ከ80 ሜትር በላይ ጥልቀት እንዳለው አስቦ፣ ሕፃናት በሚሳፈሩባቸው ጀልባዎች ሁሉ በልካቸው የተሠራ መንሳፈፊያ ጃኬት እንዲኖር ያስገድድ፤ ለልጆች በልጆች አቅም የሚተርክ አስጎብኚም ይመድብ። የሐርቡ፣ የኮምቦልቻና የደሴ ትምህርት ቤቶች ደግሞ በየዓመቱ፣ ክረምቱ አልፎ መንገዱ ሲደርቅ፣ ተማሪዎቻቸውን፣ ይልቁንም ወላጆቻቸው የመኪና መክፈል የማይችሉትን፣ አንድ ቀን ወደ ሐይቅ ይውሰዱልን።