ቀለም ይዛችሁ ለምትመጡ

እኛ የወረኢሉ ልጆች ዓድዋ ሲነሳ ደረታችን ይነፋል። ምኒልክ በ1888 ዓ.ም. ሠራዊቱን የከተተው እኛው አገር ነዋ! (ይህን ሳይሰማ ከእኛ ጋር ቡና ጠጥቶ የሄደ እንግዳ የለም።) ለመሆኑ የዓድዋን ሥዕል ልብ ብላችሁታል? የኢትዮጵያ ሰው በሁለት ዓይኑ ያያችኋል፤ ጣልያኑ ግን በጎኑ ነው የተሳለው፣ አንድ ዓይን ብቻ። ከላይ ቅዱስ ጊዮርጊስ በፈረሱ። ይህ ሥርዓት የመጣው ከቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ነው፤ ጻድቅ ሙሉ ፊት፣ ክፉ ግማሽ ፊት።

ያንን ግድግዳ ነው እንግዲህ በዘይት ቀለም እየደፈንነው ያለነው።

ለንግሥ አገር ቤት ገብተን አንድ የገጠር ደብር ተሳለምን። (ስሙን ጠርተን ካህናቱን አናሳጣም።) በልጅነታችን የምንፈራቸው፣ ሰይፍ መዝዘው የመቅደሱን በር የሚጠብቁት ሚካኤልና ገብርኤል የሉም። በቦታቸው ጉንጫቸው የቀላ የካላንደር መላእክት ቆመዋል። ከሥር የለጋሹ ስም፣ በትልቁ። «ከአዲስ አበባ ቀለም ይዘው መጥተው አሳደሱልን» አሉን አንድ አባት በደስታ። «እግዚአብሔር ይስጥልን» ብለን ወጣን። ምን እንበል?

«አርጅቶ ፊቱ ጠፍቶ ነበር፤ ሥዕል ለጸሎት እንጂ ለሙዚየም አይደለም» ትሉን ይሆናል። ለጸሎት መሆኑን እናምናለን። ፊቱን ያጠፋው ግን ማን ሆነና? የሚያፈስ ጣሪያ! ግድግዳው ጭቃ ነው፤ በላዩ ጨርቅ በሙጫ ተለጥፎ ነው የሚሳልበት። ውኃ ሲገባ ጭቃው ያብጣል፣ ሙጫው ይለቃል፣ ጨርቁ ይንጠለጠላል። በዚያ ላይ የዘይት ቀለም ከተቀባ፣ ነገ ላንሳው ቢሉት የሥሩን ይዞ ይነሳል። ለጣሪያ የሚሰጥ ለጋሽ ግን ጥቂት ነው። ቆርቆሮ ላይ ስም አይጻፍማ!

ሕግስ? የ1992ቱ የቅርስ አዋጅ ቁጥር 209 ቅርስ ከመታደሱ በፊት የባለሥልጣኑን ፈቃድ ይጠይቃል። እኛ መንደር ፈቃድ የጠየቀም፣ የት አለ ያለም አላየንም።

ፈረንሳዊው ማርሴል ግሪዮል እ.ኤ.አ. በ1932 ከጎንደር አባ እንጦንስ ሥዕሎቹን ከግድግዳ አስነስቶ ወደ ፓሪስ ወሰዳቸው፤ በምትካቸው ባልደረባው ጋስቶን ሉዊ ሩ የሳላቸውን ቅጂዎች ተከለ። ነገሩ አሮጌውን በአዲስ ልለውጥላችሁ ነበር። ከኛ ለጋሽ ውል በምን ይለያል? ግሪዮልን ሌባ እንለዋለን፣ ይመለስልን እንላለን፤ ልክ ነን። ግን ጎበዝ፣ የአባ እንጦንስ ሥዕል ዛሬም ፓሪስ ኬ ብራንሊ ሙዚየም አለ። መልሱ የሚባል ሰው አለ። የኛን ሚካኤል ከማን እናስመልስ?

ለመጪው ንግሥ ቀለም የገዛችሁ ካላችሁ ጣሳውን ሳትከፍቱ ወደ ሱቁ መልሱት፤ በቆርቆሮና በምስማር ለውጡት። ግድግዳውንም ከመንካታችሁ በፊት ቢያንስ ፎቶ አንሱት።