የወላጆች ዓምድ፦ ለልጅ የመጫወቻ መነጽር ስንገዛ

ዛሬ ስለ ልጆች መጫወቻ እናነባለን።

እኔ የማድረው በአንድ ገበሬ ቤት ነው። በቤቱ ሁለት ልጆች አሉ። ወንዱ 6 ዓመቱ ነው። እህቱ ገና 2 ዓመቷ ነው። ልጁ ጥጃ ይጠብቃል። ከገደሉ ማዶ ዝንጀሮ ሲያይ፣ «ጋሼ፣ ምን እየበሉ ነው?» ይለኛል። ታዲያ ከተማ ስሄድ የሩቅ ማያ መነጽር ገዛሁለት። የልጆች መጫወቻ ነው። እኔ ያየሁት ዋጋውንና ቀለሙን ብቻ ነበር።

መነጽሩ አንድ ቀን እንኳ አልቆየም። ድንጋይ ላይ ወደቀ። አንዱ መስተዋት ወልቆ ወጣ። ማንም ልብ አላለም። ማታ ትንሿ ልጅ አንድ ነገር ታላምጣለች። እናቷ አዩዋት። መዳፋቸውን ዘርግተው፣ «እንትፍ በይ ልጄ» አሏት። ተፋችው። የመነጽሩ መስተዋት ነበር። እናቷ አልተቆጡኝም። ዝም ብለው መስተዋቱን እጄ ላይ አስቀመጡልኝ። እኔ ግን አፈርኩ። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ማለት ይሄ ነው። ሌላ ወላጅ እንዳይሳሳት ብዬ ይህን ጻፍኩ።

መነጽር ከመግዛታችን በፊት እነዚህን እንይ።

1ኛ/ እናናውጠው። ውስጡ ኳ ኳ ካለ የላላ ነገር አለ ማለት ነው። አንግዛው።

2ኛ/ መስተዋቱን በአውራ ጣት ጫን እንበለው። ከተነቃነቀ ነገ ይወልቃል። ለትንሽ ልጅ የፕላስቲክ መስተዋት ይሻላል። ብርጭቆ ተሰብሮ ይቆርጣል።

3ኛ/ አካሉን እንይ። ወፍራም ፕላስቲክ ይሁን። ዳር ዳሩ ጎማ ከለበሰ ሲወድቅ ቶሎ አይሰበርም። ዓይንንም አይወጋም።

4ኛ/ መሐሉ የሚታጠፍ ይሁን። የልጅ ሁለት ዓይኖች ከአዋቂ ይልቅ ይቀራረባሉ። የማይታጠፍ ከሆነ ልጁ በአንድ ዓይኑ ብቻ ያያል።

5ኛ/ እዚያው ገበያ ላይ በሁለት ዓይናችን ሩቅ ያለ ዛፍ እንይበት። አንዱ ዛፍ ሁለት ሆኖ ከታየ መነጽሩ ጠማማ ነው። ዓይን ያደክማል። 2 ወይም 3 እጥፍ የሚያቀርብ ለትንሽ ልጅ ይበቃል። በጣም የሚያቀርበው በልጅ እጅ ይንቀጠቀጣል።

6ኛ/ የአንገት ገመዱን እንፍታው። ልጅ ዛፍ ሲወጣ ገመዱ ቅርንጫፍ ይዞት ሊያንቀው ይችላል።

ወርዱ 3 ሳንቲሜትር በሆነ ቀዳዳ የሚያልፍ ነገር ከ3 ዓመት በታች ላለ ልጅ አይሰጥም። ይህ ሁለት ጣት ጎን ለጎን ያህል ነው። ጉሮሮ ይዘጋል። ልጅ ቢታነቅና በኃይል ቢያስል እናስለው። ማሳልም ማልቀስም ካቃተው ወደ ፊት እናጎንብሰው። በመዳፋችን ሥር በትከሻዎቹ መካከል 5 ጊዜ እንምታው። ጣታችንን በጭፍን ወደ ጉሮሮው አንክተት፤ ነገሩን ወደ ውስጥ ይገፋዋል። ሰው ጠርተን ወደ ጤና ጣቢያ እንሩጥ። የቀረውን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ በተግባር እንድታሳየን ዛሬውኑ እንጠይቃት።

አንድ ትልቅ ነገር አለ። በመነጽር ፀሐይን ማየት ዓይን ያጠፋል። ዓይን ውስጥ ሲቃጠል አያምም። ስለዚህ ልጁ አያውቅም። ሲያውቅ ጊዜው አልፏል። መነጽር ስንሰጠው መጀመሪያ ይህን እንንገረው። መነጽሩንም ፀሐይ ላይ ጭድ አጠገብ አንተወው። መስተዋቱ የፀሐይን ሙቀት አንድ ቦታ ሰብስቦ እሳት ሊያስነሳ ይችላል።

ገንዘብ ከሌለስ? ሁለት አጫጭር የሸምበቆ ቁራጮች ጎን ለጎን እንሰር። ጫፋቸውን በድንጋይ ፍቀን እናለስልሰው። የልጁ አባት እንዲህ ሠርተው ሰጡት። አቅርቦ አያሳይም። ልጁ ግን «ዝንጀሮው ይታየኛል፣ ሥር እየበላ ነው» ይላል። ለእህቱም ያውሳታል። የሚወልቅ ነገር የለውም።

ጥያቄዎች
ሀ/ መነጽሩን ለምን እናናውጠዋለን?
ለ/ ገመዱን ለምን እንፈታለን?
ሐ/ በእናንተ ቤት ልጅ አፉ ውስጥ ሊከት የሚችል ትንሽ ነገር ምን አለ? ዛሬ ፈልጋችሁ አንሱ።