የዘር ሐረግ ለመቀራረብ እንጂ ለመለያየት አይቆጠርም
ለሕፃናት የዘር ሐረጋቸውን ማስተማር ከቤት የሚጀምር ማኅበራዊ ግዴታ ነው። ይሁንና በአባት ወገን ብቻ የሚቆጠር ሐረግ ግማሽ እውነት ነው እንላለን። በከሚሴና በመላው የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን የልጅ ስም የአባትንና የአያትን ስም ያስከትላል፤ የእናት ወገን ግን ከስሙ ውጭ ይቀራል። ኦሮሞውና አማራው፣ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ ተጋብቶ በተዋለደበት በወሎ ምድር በዚህ የሚሰወረው ዝምድና ቀላል አይደለም። አፋን ኦሮሞ ለእናት ወንድም «ኤሱማ» የሚል የራሱን መጠሪያ መስጠቱ የዚህን ወገን ክብር ያስታውሰናል።

በመጋቢት 2013 ዓ.ም. በአጣዬና በጅሌ ጥሙጋ የተቀሰቀሰው ግጭት ጎረቤትን ከጎረቤት የለያየበትን መራራ ጊዜ አንዘነጋም። ስለዚህ ወላጆች፣ መምህራንና የቀበሌ ነዋሪዎች ሁሉ ሕፃኑ በአባቱ በኩል የሚቆጥረውን ያህል በእናቱም በኩል እንዲቆጥር ማድረግ ይኖርባቸዋል። የአክስቱን ደጅ የሚያውቅ ልጅ በዚያ ደጅ ላይ እሳት አይለኩስም!