ሞይራ የአርባ ቀን ዕድል አይደለችም

ስለ ጥንታውያን ግሪኮች ሌላ ምንም የማያውቅ ሰው እንኳ አንድ ነገር አጥብቆ ይይዛል፤ ግሪኮች ሁሉ ነገር አስቀድሞ ተቆርጧል ብለው የሚያምኑ ሕዝብ ነበሩ፣ ኤዲፐስም ከተጻፈለት ሊያመልጥ ሲሮጥ እዚያው የተጻፈለት ቦታ የደረሰ ምስኪን ነው። ይህ አባባል በየመማሪያ ክፍሉ ይነገራል፤ በየቴያትር ቤቱ ደጃፍ ይደገማል። ጋዜጠኛውም በተራው መንግሥት በወደቀ፣ ባንክ በከሰረ፣ መርከብ በሰጠመ ቁጥር «የግሪክ ትራጀዲ» የሚል ርእስ ያወጣለታል። እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ ግሪክ ራሷ በዕዳ በተያዘች ጊዜማ ይህ ርእስ የሰለቸ ሆኖ ነበር። ማን ተበደረ፣ ማን አበደረ፣ የበጀቱን ጉድለት ማን አሳንሶ ጻፈ የሚሉት ጥያቄዎች መልስ ያላቸው ናቸው፤ ርእሱ ግን ነገሩን ሁሉ ከሰማይ የወረደ መዓት አስመሰለው።

ስሕተቱ ከቃሉ ይጀምራል። ሞይራ የሚለው የግሪክ ቃል መሠረታዊ ትርጉሙ ድርሻ ነው። በግብዣ ላይ ለእንግዳው የሚቆረጠው ሥጋም ሞይራ ይባላል፤ ሌሊቱ ሲከፈል አንዱ ክፍሉም ሞይራ ይባላል። በዚህ ስም ከሚጠሩት ሦስት እኅትማማች አማልክት አንዷ ላኬሲስ ናት፤ ስሟም ዕጣ አዳይ እንደማለት ነው። በዚህ ረገድ የአማርኛ አንባቢ ከእንግሊዝኛው አንባቢ የተሻለ መግቢያ አለው። የእንግሊዝኛው ቃል ከላቲን የተወረሰ ሲሆን መነሻው «የተነገረ ቃል» ነው፤ ከላይ የተነገረና ያለቀ ፍርድ ያስመስለዋል። ዕድል ግን አደለ ከሚለው ግስ የወጣ ነው። ዕጣም ሰዎች ሲከፋፈሉ የሚጣጣሉት ነው፤ ፈንታም ድርሻ ነው። ሆሜር ሞይራ ሲል ያሰበውን ለመረዳት ከዚህ የቀረበ ቃል ማግኘት ያስቸግራል። ይህን የመሰለ ሀብት በእጁ እያለ ግን ብዙው አንባቢ ሞይራን ባየ ጊዜ ወደ አርባ ቀን ዕድል ይሮጣል፤ በማሕፀን ሳለ የተወሰነ፣ ከጥርሱ መብቀል እስከ ሚስቱ ማንነት ያለቀ ነገር ያደርጋታል። ድርሻ ወሰን አለው፤ ወሰኑም ለግሪኮች ከሁሉ በፊት ሞት ነበር። በወሰኑ ውስጥ የሚሠራው ግን የድርሻው ባለቤት ነው።

በኢሊያድ ውስጥ ለአኪለስ አንድ ሳይሆን ሁለት ዕጣ ቀርቦለታል። ትሮይ ላይ ቆይቶ ቢዋጋ ዕድሜው ያጥራል፣ ስሙ ግን አይጠፋም፤ ወደ አገሩ ቢመለስ ዕድሜው ይረዝማል፣ ስሙ ግን ይረሳል። መራጩ እርሱ ነው። በኦዲሲ መክፈቻ ደግሞ ዜውስ ራሱ ሰዎችን ይከሳል፤ ጥፋታቸውን በአማልክት ያላክካሉ፣ ነገር ግን በገዛ ድፍረታቸው ከድርሻቸው በላይ መከራ ይሸምታሉ ይላል። ለዚህም አይጊስቶስን ይጠቅሳል። አጋሜምኖንን እንዳይገድል፣ ሚስቱንም እንዳይወስድ ሄርሜስ ተልኮ አስጠንቅቆት ነበር፤ አልሰማም። ሁሉ ያለቀ ቢሆን ኖሮ ማስጠንቀቂያው ለምን አስፈለገ?

ኤዲፐስን በተመለከተ ነገሩ የባሰ ነው። ፍሮይድ «የሕልም ትርጓሜ» በተሰኘው መጽሐፉ የሶፎክለስን ሥራ የዕጣ ፈንታ ትራጀዲ ብሎ ከጠራው ወዲህ ስሙ አልለቀቀውም። አየርላንዳዊው ሊቅ ዶድስ እ.ኤ.አ. በ1966 የተማሪዎችን የፈተና መልስ መነሻ አድርጎ ባሳተመው ጽሑፍ ይህን አነባበብ ነቅፎታል፤ ነቀፋው ግን ከሊቃውንት ክበብ ብዙም አልወጣም። የዴልፊው ትንቢት የተናገረው ሁለት ነገር ነው፤ አባቱን ይገድላል፣ እናቱን ያገባል። መጋረጃው ሲገለጥ ሁለቱም ከተፈጸሙ ዓመታት አልፈዋል። ተመልካቹ በዓይኑ የሚያየው ከዚያ ቀጥሎ የሆነውን ነው፤ እርሱም አንድ ሰው እውነቱን ለማወቅ የሚያደርገው ትግል ነው። ቴብስን ወረርሽኝ ሲፈጃት ወደ ዴልፊ መልእክተኛ የሚልከው ኤዲፐስ ነው። መልሱን በጓዳ ልንገርህ ሲባል በሕዝቡ ፊት ይነገር የሚለው እርሱ ነው። ነቢዩ ቴሬስያስ ተወው ይለዋል፤ ዮካስታ ተወው ትለዋለች፤ ሽማግሌው እረኛ አትጠይቀኝ ብሎ ይማጸነዋል። ለሦስቱም እምቢ ይላል። በመጨረሻ ዓይኑን ሲያጠፋ፣ ከመከራው ጀርባ አፖሎ መኖሩን ሳይክድ፣ የመታችው እጅ ግን የራሱ መሆኗን ይናገራል። ቴሬስያስ ይህ እንደሚመጣ አስቀድሞ ማየቱ የኤዲፐስን እጅ አልያዘም፤ ነገ እንደሚዘንብ የሚያውቅ ሰው ዝናቡን አላዘነበም።

አንባቢዎች የሚዘሉት ሌላም ነገር አለ። በዚህ ቴያትር ውስጥ ዕድልን፣ ግሪኮች ቲኬ የሚሉትን ድንገተኛ አጋጣሚ፣ የሚያወድሱት እውነቱን የሸሹና ገና ያልደረሱበት ሰዎች ናቸው። ሁሉ በአጋጣሚ ነው፣ ሰውም እንዳገኘ መኖር ነው የሚሻለው የምትለው ዮካስታ ናት። ኤዲፐስም የቲኬ ልጅ ነኝ ብሎ የሚኮራው ማንነቱ ሊገለጥ ጥቂት ሲቀረው ነው።

ቴያትሩን ያዩት የአቴና ዜጎች ዕጣን ከማንም በላይ ያውቁ ነበር፤ መንግሥታቸው የቆመው በዕጣ ነበርና። የአምስት መቶው ምክር ቤት አባላት፣ በየዓመቱም 6000 ዳኞች በዕጣ ይመረጡ ነበር። አሥሩን የጦር አዛዦች ግን በዕጣ አልሾሙም፤ በድምፅ መረጧቸው። ለዕጣ የሚተውና የማይተው ነገር እንዳለ ለይተው ነበር ማለት ነው። በዕጣ የወጣ ሹምም ሥራ ሳይጀምር ይመረመር ነበር፤ ሲጨርስም ሒሳቡን ያስረክብና ይጠየቅ ነበር። ዕጣ ወንበር ላይ ያስቀምጣል እንጂ ከተጠያቂነት አያድንም። ዛሬ ግሪኮችን በዕጣ አማኝነት የሚያሙ ስንቱ ባለሥልጣናት እንዲህ ያለ ምርመራ ያልፉ ነበር?

እርግጥ ነው፣ ለዕድል የተንበረከኩ ግሪኮች አልጠፉም። ከታላቁ እስክንድር ሞት በኋላ መንግሥታት በአንድ ትውልድ ሲነሡና ሲወድቁ ቲኬ ትልቅ አምላክ ሆና ነበር፤ አንጾኪያም ሐውልት አቁማላታለች። ይሁን እንጂ መልሱ የመጣው ከዚያው ዘመን ነው። የምድን ከሆንኩ ሐኪም ብጠራም ባልጠራም እድናለሁ ለሚለው «ሰነፍ ክርክር» ስቶይኩ ክሪሲፐስ የመለሰው፣ መዳንህ የታደለ ከሆነ ሐኪም መጥራትህም አብሮ የታደለ ነው በማለት ነው። ታሪክ ጸሐፊው ፖሊቢየስ ደግሞ ለሮም በመያዣነት ከተወሰዱት 1000 ግሪኮች አንዱ ስለ ነበረ ዕድሉን ለመራገም በቂ ምክንያት ነበረው፤ አልፎ አልፎም ቲኬን መጥራቱ አልቀረም። ሆኖም መለኪያ አስቀምጧል። ምክንያቱ ከሰው ማስተዋል በላይ የሆነ ነገር፣ እንደ ኃይለኛ ዝናብ ወይም እንደ ወረርሽኝ ያለው፣ ለአማልክት ወይም ለቲኬ ቢሰጥ አይነቀፍም። ምክንያቱ የሚገኝ ነገር ግን ለእነርሱ መሰጠት የለበትም። ምሳሌውም በዘመኑ የግሪክ ሕዝብ ቁጥር መመናመን ነው፤ ሰዎች አላገባ፣ ልጅም አላሳድግ ካሉ ለዚህ ወደ ትንቢት ቤት መሄድ ከንቱ ነው ይላል።

ይህ መለኪያ በዚህ አካባቢ ሰዎች ላይ ለደረሰ ነገርም ይሠራል። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 3 ቀን 2013 በላምፔዱዛ ደሴት አጠገብ ከ360 በላይ ሰዎች ሲሰጥሙ፣ ከእነርሱም አብዛኞቹ ኤርትራውያን ሲሆኑ፣ የዓለም ጋዜጦች «ትራጀዲ» አሉት፤ በየለቅሶው ቤትም ዕጣ ፈንታቸው ነው ተባለ። ለቀስተኛው እንዲህ ቢል ማንም አይፈርድበትም። ነገር ግን ጀልባው ከሊቢያ ሲነሣ 500 ያህል ሰው ተጭኖበት ነበር። ሞተሩ ቆመ፤ ከሩቅ ለመታየት ብርድ ልብስ ተለኮሰ፤ እሳቱ ነዳጅ ላይ ተያያዘ፤ ሕዝቡ ከእሳቱ ሸሽቶ ወደ አንድ ወገን ሲያጋድል ጀልባው ተገለበጠ። ማን ጫናቸው፣ ማን ገንዘብ ተቀበላቸው፣ አገራቸው ለምን ጣለቻቸው፣ ሌላ መንገድ ማን ዘጋባቸው? ከእነዚህ ጥያቄዎች አንዱም ፖሊቢየስ ለቲኬ በተወው ወገን የሚመደብ አይደለም።