መጥረጊያ ቢቆም ጂኒ አይደለም፤ ግን አሳይታችሁ አስረዱ

ዛሬ የምጽፈው ስለ ደመወዝ ወይ ስለ ኢቃማ አይደለም፣ ስለ መጥረጊያ ነው። አትሳቁ፣ ነገሩ ቀልድ ብቻ አይደለም።

መጥረጊያ ማንም ሳይዘው፣ ግድግዳ ሳይደገፍ ወለል ላይ ቀጥ ብሎ ሲቆም ብዙዎቻችሁ በቪዲዮ አይታችኋል። በፈረንጆቹ 2020 ፌብሩዋሪ 10 ቀን ዓለም ሁሉ መጥረጊያ ሲያቆም ዋለ። «ናሳ እንዳለው የመሬት ስበት ዛሬ ልዩ ነው፣ መጥረጊያ የሚቆመው ዛሬ ብቻ ነው» ተባለ። ናሳ ግን እንደዛ አላለም። እንዲያውም በማግስቱ ጠፈርተኛው አልቪን ድሩ እና የናሳዋ ሳይንቲስት ሣራ ኖብል መጥረጊያውን አቁመው በቪዲዮ አሳዩ። በማንኛውም ቀን ይቆማል ማለት ነው።

ምክንያቱ ቀላል ነው። ዱላው ረጅም ቢሆንም ክብደቱ ያለው ከታች ጭራው ጋ ነው። መሬት ላይ ጫን ስታደርጊው ጭራው ይከፈትና እንደ ሦስት ጉልቻ ይሆናል። ድስት በጉልቻ ላይ እንደሚቀመጥ በሉት። ያረጀና ጭራው የተንጨባረረ የፕላስቲክ መጥረጊያ ደግሞ ከአዲሱ ይሻላል። ቀስ ብለሽ ሚዛኑን ፈልጊና እጅሽን ልቀቂ፣ በቃ። የአገር ቤቱ የሣር መጥረጊያ ግን እንዲህ አይሆንም፣ አትልፉ።

ታዲያ ምን አስጻፈኝ? አንዳንዶቻችን ይህን ቪዲዮ ስንለጥፍ «ተአምር»፣ «ጂኒ ያዘው»፣ «ሚስጥሩን አልናገርም» ምናምን እያልን ነው። ለሳቅ እንደሆነ እናውቃለን። ያለነው ግን ሲህር ወንጀል በሆነበት አገር ነው። በ2011 እዚሁ ሳዑዲ አንዲት የአገሩ ሴትና አንድ ሱዳናዊ በሲህር ተፈርዶባቸው ተገድለዋል። ሂዩማን ራይትስ ዎች በ2008 ስለ ቤት ሠራተኞች ባወጣው ሪፖርትም አሠሪዋን የከሰሰች ሠራተኛ በተራዋ በሌብነት ወይም በሲህር ልትከሰስ እንደምትችል ጽፏል። ስለዚህ «ጂኒ» ብለሽ የጻፍሽው ቀልድ ነገ በአንቺ ወይም በሌላ እህትሽ ላይ ማስረጃ ሆኖ ሊመጣ ይችላል።

አንዲት የማውቃት ልጅ ኩሽና ውስጥ መጥረጊያ አቁማ ወደ ልብስ ማጠቢያው ሄደች። ማዳም ገብታ ስታየው ጮኸች። ሻንጣዋ ተበረበረ፣ የእናቷ ፎቶና ማተቧ ሳይቀር «ይሄ ምንድነው?» ተባለ። ያዳነቻት የቤቱ ትንሽ ልጅ ናት። ከቀናት በፊት እንዴት እንደሚቆም አስተምራት ስለነበር ሕፃኗ መጥረጊያውን ይዛ እናቷ ፊት ራሷ አቆመችው። ነገሩ በሳቅ አለቀ።

«ታዲያ ለምን ነገር ትፈልጋላችሁ? አርፋችሁ ሥሩ» የሚሉ እህቶች አሉ። እውነት አላቸው፤ ማዳሟ ቀድሞ በክፉ ዓይን የምታይ ከሆነች በዛ ቤት አትሞክሩት። ግን ሁሉንም ጨዋታ ትተን እንደ ድንጋይ እንኑር ማለት ደግሞ ከባድ ነው። ለልጆች ሳቅ፣ በዒድ ቀን ጨዋታ፣ እርስ በርሳችን ስንገናኝም ብር የማያስወጣ መዝናኛ ነው። የከለከለ ቢኖር ፍርሃት ነው፣ ፍርሃት ደግሞ የሚጠፋው ሲያውቁት ነው።

ስለዚህ የኔ ሐሳብ ይሄ ነው። አንደኛ፣ አቁማችሁ ጥላችሁ አትሂዱ። ሁለተኛ፣ ሰው እያየ አቁሙት፣ እንዴት እንደሆነም አስረዱ፣ እነሱም በእጃቸው ይሞክሩት። ራሱ ያቆመውን ነገር ሲህር ነው የሚል ሰው የለም። ሦስተኛ፣ ስትለጥፉት «ጂኒ» አትበሉ፣ «ጭራው ተከፍቶ ነው» በሉ። አያስቅም ትሉ ይሆናል፤ ግን በሰው አገር ያለች እህታችሁን ከጣጣ ያድናል።

እናንተስ ምን ትላላችሁ? ያላችሁበት ቤት ማዳም ብታየው ምን ትል ነበር? አላህም እግዚአብሔርም ሁላችንንም በሰላም ለአገራችን ያብቃን።