ከቍር ወደ ሐሩር
ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ያህል ከፍ ብላ ከተቀመጠችው ከደብረ ብርሃን ቍር ወጥቶ፣ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ወዳለችው ወደ ድሬዳዋ ሐሩር የወረደ ሠራተኛ፣ ጋቢውን በአንድ ቀን አጥፎ በሣጥን ቢያኖርም፣ ልማዱን አጥፎ ለማኖር ግን ወራት እንደሚፈጅበት እኔው ምስክር ነኝ። ቀትር ላይ ከተማይቱ በሯን ዘግታ ስታርፍ «ሀኬት ነው» ብዬ መፍረዴ፣ ፀሐዩ እስኪገሥጸኝ የቆየ ድንቍርና ነበር፤ በቀፊራ ገበያም ዋጋ በኦሮምኛ፣ በሶማሊኛና በአማርኛ ሲቈረጥ ሰምቼ፣ በአንድ ልሳን ብቻ መምጣቴ አሳፈረኝ። (የማላውቀው ሰው በወዳጅነት «አቦ» ብሎ ሲጠራኝ ግን፣ እውነቱን ልናገርና፣ ደስ አለኝ።) ስለዚህ ሠራተኛ ከደጋ ወደ ቆላ የሚያዛውሩ ሹማምንት፣ ከዝውውሩ ደብዳቤ ጋር የአገሩን ቋንቋ የሚማርበት ጥቂት ጊዜ እንዲሰጡት በትሕትና አሳስባለሁ።