የጤነኛው ልክ ሳይታወቅ የሕመምተኛው ጉድለት አይፈረድም

ድያፍራም በደረትና በሆድ መካከል ተዘርግቶ የትንፋሽን ዋና ሥራ የሚሠራ ጡንቻ ነው። ይህን ጡንቻ በአልትራሳውንድ መለካት ይቻላል፤ ባለሙያው የመሣሪያውን ጫፍ በስምንተኛውና በዘጠነኛው የጎድን አጥንት መካከል አሳርፎ፣ ተመርማሪው አየር ሲያስወጣና በጥልቅ ሲያስገባ የጡንቻውን ውፍረት በሚሊሜትር ያነባል። ምርመራው ጨረር የለውም፤ አያሳምምም፤ በጽኑ ሕሙማን ክፍል ለተኛ ሰውም ከአልጋው ሳይነሣ ይደረግለታል።

ዳሩ ግን የተነበበው ቁጥር ትርጉም የሚያገኘው ከጤነኛ ሰው ልክ ጋር ሲነጻጸር ብቻ ነው። የጡንቻው ውፍረት በጾታና በሰውነት መጠን የሚለያይ ሆኖ ሳለ፣ ከባሕር ጠለል ከ2,000 ሜትር በላይ በምትገኘው በአምቦና በአካባቢዋ የምዕራብ ሸዋ ከተሞች የሚኖረውን ሰው በባዕድ አገር ነዋሪዎች በተቀመረ ልክ ብቻ መመዘን፣ ጤነኛውን ታማሚ፣ ታማሚውን ጤነኛ ወደማለት ሊያደርስ ይችላል። በተውሶ ልክ መተማመን እንደማይበቃ አገራችን ራሷ ምስክር ናት፤ እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ ጥናት በሰሜን ተራሮች ከ3,500 ሜትር በላይ የሚኖሩ ጤነኞች የደም ሄሞግሎቢንና የኦክስጅን መጠን፣ በጥምር ሲታይ፣ በአንዲስም ሆነ በቲቤት ደገኞች ከታየው የተለየ መሆኑን ገልጧል። ይህ እውነት የታወቀው ጤነኞቹ በየቀያቸው ስለተለኩ እንጂ በግምት አይደለም።

ስለዚህ ለምዕራብ ሸዋ ሕዝብ የሚያገለግለውን ልክ በሕዝቡ መካከል የማጽናት ኃላፊነት ከሁሉ አስቀድሞ የአምቦ ዩኒቨርሲቲ፣ ቀጥሎም የኦሮሚያ ጤና ቢሮ ነው። ሥራው ከአምቦ ሳይወጣ እንዳይቀር ጉደርን፣ ጊንጪንና ጌዶን ይጨምር፤ ወንድና ሴት፣ ወጣትና አረጋዊ፣ ገበሬና የቢሮ ሠራተኛ በእኩል ይካተቱበት፤ ለኪዎቹም በአንድ ሥርዓት ይሠልጥኑ።

ጤነኛ ሰው ጎኑን ለምርመራ ሲሰጥ ለራሱ የሚያገኘው ፈውስ የለም፤ የሚሰጠው ለማያውቀው ሕመምተኛ ነው። ይህን ስጦታ የሚቀበል ተቋም ዓላማውን በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ አስረድቶ ፈቃዱን የመጠየቅ፣ ምስጢሩን የመጠበቅ፣ ሳይጠበቅ ሕመም ቢገኝበትም ወደ ሕክምና የማድረስ ግዴታ አለበት። ከእነዚህ አንዱ ከጎደለ ልኬታው ባይጀመር ይሻላል።

ለሕክምና መሣሪያ በጀት ሲመደብ፣ የጤነኛውን ልክ ለሚያጸና ጥናትም አብሮ ሊመደብለት ይገባል። ባለሥልጣናት ይህን በዕቅዳቸው እንዲያሰፍሩ፣ ነዋሪዎችም በፈቃዳቸው እንዲተባበሩ እናሳስባለን።